«አልዘለሉም» እያልኩ ያገለገልኩባቸው አምስት ዓመታት

የአማርኛ መምህራችን «ጡረታ የወጣ ሰው ፈልጋችሁ የሥራ ዘመኑን ትዝታ ጽፋችሁ አምጡ» ሲሉን ክፍሉ በሙሉ ሰው ፍለጋ ወጣ። አንዱ ሾፌር የነበረ አጎቱን አገኘ፤ ጓደኛዬ ደግሞ ነርስ የነበረች አክስቷን አስቀምጣ ሁለት ደብተር ጨረሰች። እኔ የትም አልሄድኩም፤ ጡረተኛዋ እኔው ነኝ። ዕድሜዬ አሥራ ሰባት ነው። በአሥራ ሁለት ዓመቴ ተቀጠርኩ፣ አምስት ዓመት አገለገልኩ፣ ዘንድሮ ወጣሁ። መምህራችን መጀመሪያ ሳቁብኝ፤ አንዷን ገጽ ካነበቡ በኋላ ግን «ቀጥይ፤ ወረቀት ካነሰሽ እኔ ጋ አለ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ እጄ አላቆም ብሏል። ለካ መጻፍ እንዲህ ደስ ይላል! የምጽፈው ግን የድካም ታሪክ ነው፤ ደስታዬ ከብዕሩ እንጂ ከነገሩ አይደለም።

ሥራዬ ይህ ነበር፤ አባቴ ጸሎት ሲደግሙ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ፣ መጽሐፉን ዘርግቼ፣ በጣቴ መስመር መስመሩን እየተከተልኩ አንድም ቃል አለመዝለላቸውን መመስከር።

አባዬ ቄስ ናቸው። ጸሎቱን ከልጅነታቸው ጀምሮ በቃላቸው ያውቁታል፤ ዓይናቸውን ጨፍነው እንደ ውኃ ያወርዱታል። ግን አንዲት ፊደል ያዘቻቸው። በግዕዝ «ሖረ» ማለት ሄደ ነው፤ «ኢሖረ» ደግሞ አልሄደም። በሁለቱ መካከል ያለችው ልዩነት «ኢ» ብቻ ናት። ያቺን ከዘለሏት የተባረከው የተረገመ፣ የተረገመው የተባረከ ይሆናል። ማንኛውም ቄስ ይህን ያውቃል፣ ይጠነቀቃል፣ ያልፋል። አባዬ ግን ማለፍ አቃታቸው። አንድ አንቀጽ በጨረሱ ቁጥር ሆዳቸው ውስጥ አንድ ነገር «ዘለልክ» ይላቸዋል። ተመልሰው ይጀምራሉ። ሲጨርሱ ያው ነገር መልሶ «ዘለልክ» ይላቸዋል።

አባዬ ይህን እንድጽፍ ፈቅደውልኛል። የለመኑኝ አንድ ነገር ነው፤ «እብድ ነበሩ ብለሽ እንዳትጽፊ»። እብድ አልነበሩም። ከእኛ ቤት ሰው ሁሉ ልባም እሳቸው ነበሩ፤ ነገሩን አድካሚ ያደረገውም ይኸው ነው። ሐሳቡ ከንቱ መሆኑን ያውቃሉ፤ እያወቁ ይመለሳሉ።

ከእኔ በፊት ሥራው የታላቅ ወንድሜ የሙሉ ነበር። ሙሉ ወደ ወልድያ ሊሄድ ሲነሳ በር ላይ አቁሞ አስረከበኝ።

«ስሚኝ፣ ሥራው ቀላል ነው፤ የሚገድለው ብዛቱ ነው» አለኝ። «'ዘለልኩ?' ሲሉሽ 'አልዘለሉም' ትያለሽ። 'አዎ' እንዳትይ፤ አዎ ዘለሉ ይሁን አዎ አልዘለሉም አይታወቅም። 'እሺ'ም አትበይ። ቶሎ ከመለስሽ 'ሳትሰሚ ነው' ይላሉ። ከዘገየሽ 'ተጠራጥረሻል' ብለው ከመጀመሪያው ይነሳሉ። አንድ ትንፋሽ ቆይተሽ መልሺ።»

«አንተ ስንት ዓመት ሠራህ?»

«አራት።»

«ደክሞህ ነው የምትሄደው?»

«ለሥራ ነው የምሄደው» አለና ሻንጣውን አነሳ። ያኔ አላመንኩትም፤ አሁንም አላምነውም።

የመጀመሪያው ምድብ ቦታዬ ጋዝጊብላ ውስጥ የተወለድንባት መንደር ናት። ደመወዝ አልነበረኝም፤ እማዬ ግን ከውኃ መቅዳትና ከእንጨት ለቀማ ነጻ አወጣችኝ። ጓደኞቼ ይቀኑብኝ ነበር። እነሱ ጀሪካን ተሸክመው ዳገቱን ሲወጡ እኔ ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ መጽሐፍ እከተላለሁ። አንዷ «ምናለ እኔም የቄስ ልጅ በሆንኩ!» ትለኝ ነበር። እኔ ደግሞ ጀሪካኑ ያምረኝ ነበር። ጀሪካን ይሞላል፣ ቤት ይደርሳል፣ ያልቃል።

ሥራውን ከሙሉ አሻሽዬዋለሁ ብል ጉራ አይሁንብኝ። ድምፅ ሲለያይ እንደሚጠራጠሩ ስለደረስኩበት «አልዘለሉም» የምልበትን ድምፅ አንድ አደረግኩት፤ ከፍም ዝቅም አይልም። ጣቴ መስመሩ ላይ ስትንቀሳቀስ እንዲያዩዋት ጥፍሬን በእንሶስላ አቀላሁ። ቀይዋ ጥፍር ስትሄድ ካዩ ቢያንስ አንድ ጥያቄ ይቀንሱልኛል። በሌላው ሰው ዘንድ ከቁርስ በፊት የሚያልቀው ጸሎት በእኛ ቤት ፀሐይ አናት ላይ እስክትወጣ ይቆያል። ትምህርት ቤት በፈረቃ ስለነበር ከሰዓት በኋላ እሄዳለሁ፤ እዚያ ደርሼ ዴስኩ ላይ እተኛለሁ።

ዕረፍት ስፈልግ አለቃዬን እማዬን እጠይቃለሁ።

«እማ፣ ነገ አንድ ቀን ልረፍ።»

«እኔ ምን አውቃለሁ? አባትሽን ጠይቂ።»

እጠይቃለሁ። «አባዬ፣ ነገ አንድ ቀን ልረፍ?»

እሳቸው ዓይናቸውን ሳይገልጡ «ቅድም እዚያች ጋ ዘለልኩ?» ይሉኛል።

ነገሩ ወደ ቅዳሴ ሲገባ ነው የጨነቀን። ቅዳሴ ቢያንስ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይፈልጋል፤ አንድ ከጎደለ አይቀደስም። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ቄሶች ሁለት ብቻ ናቸው፤ አባዬና አንድ ሌላ ቄስ። አባዬ መቅደስ ውስጥ ሆነው መመለስ ጀመሩ። ሕዝቡ በጾም ሆዱ ቆሞ ይጠብቃል፤ ሕፃናት ያለቅሳሉ፤ ቅዳሴው እኩለ ቀን ያልፋል። አንድ እሑድ ከወጡ በኋላ ካባቸውን አጣጥፈው ለእማዬ ሰጡና «ከእንግዲህ አልገባም፤ የእግዚአብሔርን ቃል ከማበላሽ ብቀር ይሻላል» አሉ። እሳቸው ሲቀሩ ቅዳሴው ቀረ። ገበሬው እሑድ እሑድ ሁለት ሰዓት በእግሩ ወደ ሌላ ደብር መሄድ ጀመረ። ገበያ ላይ አንዲት አሮጊት እማዬን አቁማ «ቄስ እያለን ቄስ አጣን» ስትላት ሰምቻለሁ። እማዬ የያዘችውን ጨው ሳትሸጥ ወደ ቤት ተመለሰች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤታችን ጥያቄ አንድ ሆነ፤ አባዬ ወደ መቅደስ ይመለሳሉ ወይስ አይመለሱም?

እማዬ ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ወሰደቻቸው፤ እኔም ሄድኩ። እማዬ አፏን የፈታችው በአካባቢያችን ቋንቋ በኽምጣና ነው፤ አማርኛውን እየመረጠች ነው የምትናገረው። ባለሙያው «ምን ሆኑ?» ሲላት መርጣ መርጣ «ይደግማሉ» አለችው።

«ምኑን ነው የሚደግሙት?»

«ጸሎቱን።»

«ቄስ አይደሉም እንዴ?»

«ናቸው።»

«ታዲያ ቄስ ካልደገመ ማን ሊደግም ነው?» አለና ሳቀ። ከዚያ ተነስቶ መስቀላቸውን ተሳለመ፣ የራስ ምታት ኪኒን ሰጠና ሸኘን። አልፈርድበትም። በአማርኛ መጸለይም መልሶ መላልሶ ማለትም ያው «መድገም» ነው፤ በሽታው የተደበቀው እዚያ ቃል ውስጥ ነበር። ወሬው ገበያ ሲደርስ ደግሞ ባሰ። «ይደግማሉ» የተባለው «ተደግሞባቸው ነው» ሆነ። ድግምት ነው፣ ቀንተውባቸው ነው፣ እንዲህ ያለ ሰው ቤት ሂዱ ተባልን። አልሄድንም። ጠበል ግን ሄድን፤ አባዬ እዚያ ቀለል ይላቸዋል፤ ቤት ሲመለሱ ያው ይሆናሉ።

የነፍስ አባታቸው መምሬ ካሳዬ ደግሞ ሊረዱ ብለው ጨመሩብን። «ሐሳብህ የሚበተነው ጸሎት ስላነሰህ ነው» ብለው ቀኖና ሰጧቸው፤ በየቀኑ ከልማዳቸው በላይ ሌላ ጸሎት። የእኔ የሥራ ሰዓት በአንድ ቀን እጥፍ ሆነ። መምሬ ካሳዬን ለረጅም ጊዜ ተቀይሜያቸው ነበር፤ እጃቸውን ስስም ጥርሴን ነክሼ ነው።

ዘጠነኛ ክፍል ስደርስ ሁላችንም ሰቆጣ ገባን፤ ሁለተኛው ምድብ ቦታዬ መሆኑ ነው። እማዬ ጨውና ሽንኩርት ትነግዳለች፤ አባዬ አገልግሎት ስለሌላቸው ቤት ይውላሉ። የተከራየንበት ግቢ ባለቤት ወይዘሮ በግድግዳው በኩል ሁሉንም ይሰማሉ። አንድ ቀን በር ላይ ጠብቀው «አንቺ ልጅ፣ የአባትሽ ካሴት ተበላሸ እንዴ? እዚያው እዚያው ላይ ነው የሚለው!» አሉኝ። ስቄ አለፍኩ፤ ክፍላችን ገብቼ ግን አለቀስኩ።

ሰቆጣ ውስጥ ደግሞ መታጠብ ተጨመረ። መጽሐፉን በቆሸሸ እጅ ነክቻለሁ ብለው ይታጠባሉ፤ በደንብ አልታጠብኩም ብለው ይደግማሉ። ያን ጊዜ ሥራዬ ሁለት ሆነ፤ «አልዘለሉም» እና «ጸድቷል»። እጃቸው ተሰነጣጥቆ ደም ሲያወጣ ሆስፒታል ወሰድናቸው። ቅባት ልትሰጣቸው የነበረችው ሐኪም «በቀን ስንት ጊዜ ይታጠባሉ?» አለቻቸው። አባዬ መለሱላት። ቅባቱንም ሰጠች፣ በኮሪደሩ መጨረሻ ወዳለው የአእምሮ ሕክምና ክፍልም ላከችን።

አባዬ በሩ ላይ የተጻፈውን አንብበው ቆሙ። «እዚህ የሚገባው እብድ ነው» አሉ።

ከውስጥ «እብድ አይደለሁም፣ ግን በየቀኑ እገባለሁ» የሚል የሴት ድምፅ መጣ። እንዲህ ነው ሲስተር ትርሐስን ያወቅኳት። ነርስ ናት፤ የአእምሮ ሕክምና የተማረች፣ ቀጭን፣ መነጽሯ ሁልጊዜ ግንባሯ ላይ። ገና በመጀመሪያው ቀን አንቱ ስላት «እዚህ ክፍል ውስጥ አንቱ የሚባለው በሽተኛው ብቻ ነው» ብላ ከለከለችኝ፤ ለዚህ ነው ያለ አንቱታ የምጽፋት።

እማዬ እንደ ልማዷ «ይደግማሉ» አለች። እኔ የራስ ምታት ኪኒኑን መጠበቅ ጀመርኩ። ሲስተር ትርሐስ ግን ወንበሯን ወደ አባዬ ስባ፣ «ይደግማሉ፣ ወይስ የደገሙትን ይደግማሉ?» ብላ ጠየቀች።

አባዬ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ማንም እንዲህ አልጠየቃቸውም። «የደገምኩትን» አሉ። ከዚያ ማውራት ጀመሩ፤ እኔና እማዬ የማናውቀውን ሁሉ አወሩ። ሕፃን ባጠመቁ ቁጥር ስሙን የተሳሳቱ እየመሰላቸው ሳይተኙ እንደሚያድሩ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ሲስተር እንዲህ ብላ አስረዳችን። ክፉ ሐሳብ፣ «ዘለልክ፣ አረከስክ፣ አልዘጋህም» የሚል ሐሳብ፣ ለሰው ሁሉ ብልጭ ይላል። ጤነኛ ሰው ላይ መጥቶ ያልፋል። በዚህ ሕመም የተያዘ ሰው አእምሮ ግን የማስጠንቀቂያ ደወሉን ማጥፋት ያቅተዋል። ሰውየው ደወሉን ዝም ለማሰኘት ይመለሳል፣ ይታጠባል፣ ይጠይቃል። ለጥቂት ጊዜ ዝም ይላል፤ ከዚያ ጠንክሮ ይመጣል። ኃጢአትም ድግምትም አይደለም፤ የእምነት ማነስም አይደለም። ብዙ ጊዜ ሕመሙ የሚይዘው ሰው አብልጦ የሚወደውን ነገር ነው አለች። እናት ከሆነች በልጇ፣ ቄስ ከሆነ በጸሎቱ።

ከዚያ «ሲጠይቁ መልስ የሚሰጣቸው ማን ነው?» አለች።

«እኔ ነኝ» አልኩ፤ ኩራት አልቀረኝም።

«በቀን ስንት ጊዜ?»

«አልቆጠርኩትም። ግን ተሳስቼ አላውቅም።»

«ፍየል አርብታችኋል?»

«አዎ፣ ጋዝጊብላ እያለን።»

«በራፍሽ ላይ ለፍየል ጨው ብትሰጫት ነገ ምን ታደርጋለች?»

«ትመጣለች።»

«ከነገ ወዲያስ?»

«ጓደኞቿን ይዛ ትመጣለች።»

«ያንቺ 'አልዘለሉም' ጨው ነው» አለችኝ።

እኔ መድኃኒታቸው ነኝ ብዬ ነበር የኖርኩት። ተናደድኩባት። 

ሕክምናው በሁለት እግር የቆመ ነበር። አንዱ ኪኒን ነው። ሲስተር «ዛሬ ተውጦ ነገ የሚሠራ አይደለም፤ ሳምንታት ይወስዳል፤ መጀመሪያ ሆድዎን ያውክ ይሆናል፤ ተሻለኝ ብለው በራስዎ አያቋርጡ» አለቻቸው። አባዬ ጾሜን ያፈርስብኛል ብለው ፈሩ፤ ከጾም መፍቻ በኋላ እንዲውጡት ሰዓቱን አመቻቸችላቸው። አንድ ጊዜ መድኃኒቱ ከተማው ውስጥ ጠፍቶ ሙሉ ከወልድያ በአውቶቡስ ላከልን። ጠበሉንም አልከለከለችም፤ «ይጠጡ፤ በጠበል ኪኒኑን ቢውጡትም አልጣላዎትም» አለች።

ሁለተኛው እግር ልምምድ ነው። መሰላል እንሠራለን ብላ አባዬ የሚፈሩትን ነገር ከትንሹ ወደ ትልቁ አስደረደረቻቸው፤ ለእያንዳንዱም ከአሥር ስንት እንደሚያስፈራቸው ጠየቀች። አንድ ጊዜ ብቻ ታጥቦ እንጀራ መቁረስ ሦስት። ደብዳቤ ጮክ ብሎ አንብቦ ሳይመለሱ ማጠፍ አራት። የጧቱን ጸሎት ያለ እኔ መድገም ስምንት። ቅዳሴ መግባትን «አሥራ ሁለት» አሉ።

«ከአሥር ነው ያልኩት፣ አባ።»

«ገብቶኛል። አሥራ ሁለት።»

«ጥሩ፤ አሥራ ሁለት» ብላ ጻፈች። «በየደረጃው ጭንቀቱ ይመጣል፤ ከፍ ይላል፤ ካልመገቡት በራሱ ጊዜ ይወርዳል። እርስዎ ምንም አያደርጉም። መቀመጥ ብቻ።»

«መቀመጥ ብቻ?»

«ከባዱ ሥራ እሱ ነው።»

የሲስተር ትርሐስን ልማዶች አንድ በአንድ አጥንቻቸዋለሁ። ክፍሏን ስትቆልፍ ቁልፉን አንዴ ታዞራለች፤ ከዚያ እጀታውን ሳትነቀንቅ፣ ዞራ ሳታይ ትሄዳለች። በሽተኞቿ ስለሚያዩዋት ነው። አባዬ አንድ ቀን ከኋላዋ ቆመው «ተቆልፏል?» ሲሏት ሳትዞር «ይሆናል» አለች። «ይሆናል» የእሷ ቃል ነው። «ባጃጅ ይመጣል?» ስንላት «ይመጣ ይሆናል»። «እድናለሁ?» ሲሏት «ብዙ ሰው ይሻለዋል፤ እርስዎም ይሻልዎት ይሆናል»። መጀመሪያ ጭካኔ መስሎኝ ነበር። በኋላ ሳስተውላት፣ «ይሆናል» ባለች ቁጥር ከሰውየው አጠገብ አትነሳም። መልሱን ትነፍገዋለች እንጂ ራሷን አትነፍገውም።

አሁን የጥፋቴን ነገር ልጻፍ። እዚህ ስደርስ ብዕሩም ከበደኝ።

አባዬ ደረጃውን እየወጡ ነበር። እጃቸው ዳነ። የጧቱ ጸሎት ላይ ስንደርስ እኔ መልስ እንዳልሰጥ ታዘዝኩ፤ ለጊዜው ክፍሉ ውስጥ መቀመጥ ይፈቀድልኛል። የመጀመሪያው ቀን ላባቸው አገጫቸው ላይ ሲንጠባጠብ አየሁ። «ዘለልኩ?» አሉ። ዝም አልኩ። ዓይናቸውን ገልጠው አዩኝ። ቃል አልወጣኝም፤ ግን ሳልኩ። ትንሽ ሳል፣ አንድ ትንፋሽ ቆይታ። ትከሻቸው ወረደ፤ ወደሚቀጥለው አለፉ።

በማግሥቱም ሳልኩ። ከሳምንት በኋላ ጥያቄው ራሱ ቀረ፤ አንቀጹ ሲያልቅ እኔ እስላለሁ፣ እሳቸው ይቀጥላሉ። ጸሎቱ ከቁርስ በፊት ማለቅ ጀመረ! እማዬ እልል አለች። እኔም እፎይ አልኩ፤ እውነቱን ለመናገር ያሳለኝ ርኅራኄ ብቻ አልነበረም፤ ድካምም ነበር። ሲስተር «ጥያቄው እንዴት ነው?» ስትለኝ «ጠፍቷል» አልኳት። እውነቴን ነበር፤ ጥያቄው ጠፍቷል።

በዚያው ሰሞን የመንደራችን ቤተ ክርስቲያን በዓለ ንግሥ ደረሰ። ሌላው ቄስ «በእግዚአብሔር፣ ለዚህች ቀን እንኳ ድረስልን» ብለው ላኩባቸው። ሲስተር «ትንሽ ቢቆዩ ደስ ይለኝ ነበር» አለች፤ ግን ጥያቄው መጥፋቱን ከእኔ ሰምታለችና አልከለከለችም።

አባዬ ነጭ ለብሰው ገቡ። እኔና እማዬ በሴቶች በኩል ቆምን። ጅማሬው አማረ፤ ሰዎች ዞረው እማዬን በዓይናቸው እንኳን ደስ አለሽ ይሏት ነበር። ከዚያ አባዬ ብቻቸውን ከሚሉት ጸሎት ላይ ደረሱ። አንዱን ክፍል ጨረሱና ዝም አሉ። ተመለሱ። ጨረሱ፤ ዝም አሉ፤ እንደገና ተመለሱ። ሦስተኛው ላይ ገባኝ። ሳሌን እየጠበቁ ነው።

ሳልኩ። በመካከላችን መጋረጃ፣ ግድግዳና ሕዝብ አለ። ጮክ ብዬ ሳልኩ። እማዬ ጭኔን ቆነጠጠችኝና «ምን ሆነሻል?» አለች። እያለቀስኩ ሳልኩ። አንዲት ሴትዮ ጠበል አቀበሉኝ። ውስጥ የአባዬ ድምፅ አምስተኛ ጊዜ ተመለሰ፤ ከዚያ ተቆረጠ። የሌላው ቄስ ድምፅ ካቆሙበት ተቀበለ። ቅዳሴው ሲያልቅ አባዬን በጓሮ በኩል ወጥተው ግንቡን ተደግፈው ተቀምጠው አገኘናቸው። 

በሚቀጥለው ቀጠሮ ሲስተር ምን እንደተፈጠረ ስትጠይቅ እኔ ቀደምኩ። «ጥፋቱ የኔ ነው። እስል ነበር» አልኩና ሁሉንም ዘረገፍኩት። ሲስተር መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች። ከመቆጣቷ በፊት አባዬ ተናገሩ።

«አውቄ ነበር» አሉ።

«ሳሏን?»

«ሳሏን። አውቄ ዝም አልኩ። ሁለታችንም ነው ያታለልንሽ።»

ሲስተር ትርሐስ ፋይላቸው ላይ አንድ ነገር ጻፈች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «ስንት ዓመት ሆነሽ እዚህ ሥራ ላይ?» አለችኝ።

«አምስት።»

«ይበቃሻል። ከዛሬ ጀምሮ ጡረታ ወጥተሻል። ሲጸልዩ ክፍሉ ውስጥ አትቀመጪም፤ ግቢው ውስጥም አትሆኚም። ጥፋቱ የኔም ነው፤ አምስት ዓመት የሠራን ሰው 'ዝም በል' ብሎ እዚያው ማስቀመጥ አይገባም ነበር።» ሰው «ይበቃሻል» ሲለኝ የመጀመሪያዬ ስለነበር አልቅሼ አልቅሼ መሀረቧን ጨረስኩባት።

ኪኒኑን ያዘዘላቸው ሐኪም መጠኑን ከፍ አደረገው። መሰላሉን ከታች ጀመርነው። ሲስተር ደግሞ አንድ ያላሰብነውን አደረገች፤ መምሬ ካሳዬን አስጠራቻቸው። ሕመሙን አስረዳቻቸው። መምሬ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ፤ የሰጡትን ቀኖና አስታውሰው ፊታቸው ጠቆረ። ወደ አባዬ ዞረው፣ «ያንን ቀኖና አንስቼልሃለሁ። አዲሱ ቀኖናህ ይህ ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ ድገም። ዘለልኩ ብለህ እንዳትመለስ። ብትዘልም በኔ ይሁን» አሉ።

አባዬ ፊታቸው በራ። ሲስተር ግን «መምሬ፣ 'በኔ ይሁን' የምትለዋን ያውጡልኝ» አለች።

«ምነው ልጄ፣ ላቅልለት ብዬ እኮ ነው።»

«ስለምታቀል ነው። ነገ አባ እየመጡ 'በእርስዎ ነው አይደል?' ይሉዎታል። እሷም ጨው ናት።»

መምሬ ካሳዬ ሳቁ፤ ከዚያ አሰቡበት። «እንግዲያስ አንድ ጊዜ ብቻ። ሌላ የለም» አሉ። ያን ቀን እጃቸውን ስስም ጥርሴን አልነከስኩም።

ጡረታ ቀላል አይደለም። ጧት ጧት ደብተሬን ይዤ ወደ ትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት እሄዳለሁ፤ ጆሮዬ ግን እዚያው ግቢ ይቀራል። በመጀመሪያው ወር የሠራሁት መተኛት ነው፤ የአምስት ዓመት እንቅልፍ። ክፍል ውስጥ መምህር ሲያነቡ ጣቴ ሳላዛት መስመሩን ትከተላለች፤ የዘለሉትን ቃል ሁሉ አውቃለሁ፤ አልነግራቸውም። ከዚያ ሰዓቱ ሲተርፈኝ መጻፍ ጀመርኩ። ስጽፍ ዘልዬ እመለሳለሁ፣ እሰርዛለሁ፣ ማንም አይጠይቀኝም።

አባዬ ድነዋል ብዬ አልጽፍም። ይሻላቸዋል። ኪኒኑን ይወስዳሉ፤ ክፉ ሳምንት ይመጣል፤ አንዳንዴ እማዬን ይዘው «እዚያች ጋ...» ብለው ይጀምራሉ። እማዬ «ሲስተር ምን አለች?» ትላቸዋለች፤ «ይሆናል አለች» ብለው ያኮርፋሉ። እንዲህ እንዲህ እያሉ ወራት ሄዱ። መሰላሉ ላይ የቀረው አሥራ ሁለቱ ብቻ ሆነ። በዚህ ጊዜ ሲስተር እኔን አልጠየቀችም፤ እሳቸውን ጠየቀቻቸው። «ከአሥር ስንት ሆነ?» «ዘጠኝ» አሉ። «ዘጠኝን ይዘው ይግቡ» አለቻቸው።

ባለፈው እሑድ መንደራችን ሄደን መቅደስ ገቡ። ያቺ ጸሎት ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ቆመ። እማዬ እጄን ያዘች። ዝምታው ረዘመ፤ አንድ ሕፃን አለቀሰ፤ ሰው እግር ቀየረ። እኔ መሬቱን አየሁ። ከዚያ የአባዬ ድምፅ መጣ፤ የሚቀጥለውን ነበር የሚሉት። የሚቀጥለውን! እስከ መጨረሻው ሄዱ፤ ገበሬው ቀና ብሎ ፀሐይዋን ሲያይ ገና ረፋድ ነበር።

ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ጠበቅኳቸው። ፊታቸው የደከመ ሰው ፊት ነው። ብዙ ሰው ተሳልሟቸው አለፈ። ብቻችንን ስንሆን ጠጋ ብለው፣ «አንዲት ቦታ ሳልዘል አልቀረሁም» አሉኝ።

እኔ ምንም አላልኩም። እሳቸውም መልስ አልጠበቁም፤ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አጠለቁ።

«በይ ነይ፣ ጸበል ጻዲቁ ሳያልቅብን» አሉ። «ርቦኛል።»

ቀድመውኝ ሄዱ።